ሉጫ፣ ዞማ፣ ከርዳዳ፦ ስለ ፀጉር ልዩነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፀጉር ቤት ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ካስክ ሥር ከተቀመጡ ደንበኞች ደጋግመው የመጡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬያቸዋለሁ።

የሐበሻ፣ የፈረንጅና የቻይና ፀጉር የተሠሩበት ነገር ይለያያል?

አይለያይም። የሁሉም ሰው ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ ጥፍራችንም ከዚሁ ነው። ከቆዳ በላይ የምናየው ዘለላ ሕይወት የለውም፤ ስንቆረጥ የማያመንም ለዚህ ነው። ሕይወት ያለው ሥሩ ብቻ ነው።

የሚለያየው ቅርጹ፣ ውፍረቱ፣ ቀለሙ፣ ብዛቱና የሚያድግበት ፍጥነት ነው። በአንድ ሰው ራስ ላይ በአማካይ 100,000 ያህል ዘለላ አለ። ወርቃማ ፀጉር ያላቸው ሰዎች ከዚህ በዛ ያለ፣ ቀይ ፀጉር ያላቸውና ብዙ አፍሪካውያን ደግሞ አነስ ያለ ቁጥር አላቸው። ከርዳዳ ፀጉር ቆሞ ቦታ ስለሚይዝ ግን ለዓይን ከሁሉም የበዛ ይመስላል። ጎፈሬ ያበጠረ ሰው አይቶ «ይሄ ሁሉ ፀጉር!» ያላለ ማን አለ?

ታዲያ አንዱ ሉጫ፣ ሌላው ከርዳዳ የሚሆነው ለምንድን ነው?

እያንዳንዱ ዘለላ የሚበቅለው ከቆዳ ሥር ካለ ጠባብ ጉድጓድ ነው፤ ፎሊክል ይባላል። ጉድጓዱ ቀጥ ያለ ከሆነ ፀጉሩም ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጉድጓዱ እንደ ማጭድ የታጠፈ ከሆነ ግን ፀጉሩ ገና ከቆዳ ሳይወጣ ተጠምዝዟል ማለት ነው። ስለዚህ ፀጉር የሚከረደደው አየሩ ስለደረቀ፣ ቅባት ስላጣ ወይም በልጅነት ስላልተላጨ አይደለም። «ደጋግመሽ ላጪው፣ ሉጫ ሆኖ ይበቅላል» የሚባለውን ምክር የሰማች እናት ሁሉ ልጇን በከንቱ አስለቅሳለች፤ ምላጭ ጉድጓዱ ጋ አይደርስም።

አንዱን ዘለላ እንደ ሽንኩርት አቋርጠን በማይክሮስኮፕ ብናየው ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የምሥራቅ እስያ ሰዎች ፀጉር እንደ ስፓጌቲ ክብ ነው፤ የአውሮፓውያኑ ሞላላ ነው፤ ከርዳዳው ጠፍጠፍ ብሎ ወደ ሪባን ይጠጋል። ይህ እንግዲህ በአማካይ ሲወሰድ ነው። አንድ ሰው ራስ ላይ እንኳ ማጅራትና አናት አንድ ዓይነት ፀጉር አያበቅሉም፤ ሹሩባ የሠራች ሴት ይህን ያለ ማይክሮስኮፕ ታውቀዋለች።

የቻይናና የጃፓን ሰዎች ፀጉር ለምን ወፍራምና ቀጥ ያለ ሆነ?

ዋናው ተጠያቂ ኢዳር የሚባል ዘረ መል ነው። በዚህ ዘረ መል ላይ የዛሬ 30,000 ዓመት ገደማ፣ ዛሬ ቻይና በምንለው አካባቢ፣ የአንዲት ፊደል (ዘረ መሉ የተጻፈበት የአንድ ኬሚካል ምልክት) ለውጥ ተከሰተ ተብሎ ይገመታል። ለውጡ ዛሬ በአብዛኛው የምሥራቅ እስያ ሕዝብና ከዚያ ተነሥተው አሜሪካ በገቡት ጥንታዊ ነዋሪዎች ዘንድ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎች ይህንኑ ለውጥ በአይጦች ላይ አስገብተው የአይጦቹ ፀጉር ሲወፍር፣ የላብ ዕጢያቸውም ሲበዛ አይተዋል። በሰው ላይ የፊት ጥርስን ከጀርባው በኩል እንደ አካፋ የሚያጎደጉደውም ይኸው ለውጥ ነው። የፀጉሩ ውፍረት በብዙዎቹ ዘንድ ከ80 ማይክሮን በላይ ነው፤ ማለትም አሥራ ሁለት ያህል ዘለላ ጎን ለጎን ቢደረደር አንድ ሚሊ ሜትር ይሞላል።

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የአውሮፓውያን ሉጫ ፀጉር ከዚህ ለውጥ የመጣ አይደለም። እነሱ ዘንድ ትሪኮሂያሊን የሚባለውን ፕሮቲን የሚያዘው ዘረ መል ነው ጎላ ያለ ድርሻ ያለው። የቤጂንጓና የስቶክሆልሟ ሴት ሁለቱም ሉጫ ናቸው፣ ግን በተለያየ መንገድ ሄደው ነው እዚያ የደረሱት።

የእኔ ፀጉር ለምን አያድግም?

ያድጋል። ሂና ተቀብታችሁ ከሆነ ከሁለት ወር በኋላ መስታወት ፊት ሥሩን ፈልቅቃችሁ እዩት። ቀለም ሳይነካው የወጣው አንድ ጣት የሚሆን ሥር አዲሱ እድገታችሁ ነው። ፍጥነቱ ይለያያል፤ የእስያውያን ፀጉር በወር ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሄድ፣ ከርዳዳ የአፍሪካውያን ፀጉር ብዙውን ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ነው፤ አውሮፓውያኑ መሀል ላይ ናቸው። አንድ ዘለላ ከ2 እስከ 7 ዓመት አድጎ፣ ሁለት ሦስት ወር አርፎ ይረግፋል፤ ቦታውን ሌላ ይይዘዋል። በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ መርገፍ የጤና ነው።

ብዙ ጊዜ ችግሩ መሰበሩ ነው። «ሦስት ዓመት ሙሉ ትከሻዬን አላለፈም» ያለችኝ አንዲት ደንበኛ ነበረች። በደረቁ በጠባብ ማበጠሪያ ስታበጥር አየኋትና ወለሉ ላይ የወደቀውን ሰብስቤ አሳየኋት። በራሱ ጊዜ የረገፈ ፀጉር ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ የምታህል ሥር ይኖረዋል። የእሷ አብዛኛው ሥር የሌለው፣ ከጣት ያጠረ ቁርጥራጭ ነበር። እያንዳንዱ ጥምዝ ደካማ ቦታ ነው፤ ሲጎተት እዚያ ላይ ይበጠሳል። በእርጥቡ፣ ኮንዲሽነር ቀብታችሁ፣ ጥርሱ በሰፋ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር እየወጣችሁ አበጥሩ።

ደግሞም መኮማተሩ አለ። ከርዳዳ ፀጉር ሲለቀቅ ከትክክለኛ ርዝመቱ ከግማሽ በላይ ሊያጥር ይችላል። አንዱን ዘለላ ይዛችሁ ሳቡት፤ ጆሮ ላይ የቀረ የመሰላችሁ ፀጉር ትከሻ ሊደርስ ይችላል።

ቅቤ ይጠቅማል ወይስ የእናቶቻችን ልማድ ብቻ ነው?

ልማዱ ምክንያት አለው። የራስ ቆዳ የራሱን ወዝ ያመነጫል። ወዙ በሉጫ ፀጉር ላይ ሳይቸገር እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ በከርዳዳ ላይ ግን በየጥምዙ እየተደናቀፈ ሥሩ አካባቢ ይቀራል። ለዚህ ነው ከርዳዳ ፀጉር ጫፉ የሚደርቀው። ቅቤ ይህን ጉድለት ይሞላል፤ ዘለላውን ሸፍኖ ፍትጊያውን ይቀንሳል፣ እርጥበቱም ቶሎ እንዳይወጣ ይይዛል። የአፋር ወጣቶች ጥቅልሉን በቅቤ ያስይዙታል፤ የሐመር ሴቶች ከቀይ አፈር ጋር ለውሰው ያሹታል፤ የእኛ እናቶች ለጋ ቅቤ አናት ላይ ጣል አድርገው በሻሽ ያስራሉ። ከሽታው ጋር መስማማት የየሰው ጉዳይ ነው። እኔ በበኩሌ እሑድ ጠዋት ቅቤ ተቀብታ ፀሐይ የምትሞቅ ሴት ሽታ ቤቴን ያስታውሰኛል።

ቅቤ የማይሠራው ሥራም አለ። ፀጉር አያበቅልም፣ ሥሩንም አይለውጥም። ፎረፎር ያለበት ሰው ደግሞ ቢተወው ይሻላል። ከፎረፎር ጋር የተያያዘችው ማላሴዚያ የምትባል ፈንገስ ቅባት ተመጋቢ ስለሆነች ቅቤ ድግስ ይሆንላታል። እንዲህ ያለ ሰው ቅቤውን ከጫፍ ያድርግ፣ ቆዳው ላይ አያሽ።

ካስክ ተሠርቼ ካፊያ ሲነካኝ ለምን ወዲያው ይመለሳል? ሪላክሰርስ?

በፀጉር ውስጥ ሁለት ዓይነት ማሰሪያ እንዳለ አስቡ። አንደኛው ልል ነው፤ ውሃ ይፈታዋል፣ ሙቀት በአዲስ ቅርጽ መልሶ ያስረዋል። ቢጎዲን ጠቅልሎ ካስክ ሥር መቀመጥም ሆነ ፔስትራ የሚሠራው በዚህኛው ላይ ነው። ስለዚህ ጠብታ ዝናብ፣ ላብ ወይም የባሕር ዳርቻ እርጥብ አየር ማሰሪያውን ይፈታውና ፀጉሩ ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል።

ሁለተኛው በድኝ የታሰረ ነው፤ ውሃ አይነካውም። ሪላክሰር በጠንካራ ኬሚካል የሚበጥሰው ይህን ነው። የተበጠሰው ዘለላ አይመለስም፤ ከሥር አዲስ የሚወጣው ግን እንደ ቀድሞው ከርዳዳ ሆኖ ይወጣል፣ ምክንያቱም ጉድጓዱ አልተለወጠም። ቀጥ ያለውና ከርዳዳው የሚገናኙበት መስመር ላይ ፀጉር በቀላሉ ይሰበራል። የጤናውንም ጉዳይ መዝለል አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ከ33,000 በላይ ሴቶችን 11 ዓመት ገደማ የተከታተለ ጥናት አውጥተው ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ከአራት ጊዜ በላይ የፀጉር ማስተኛ የተጠቀሙ ሴቶች ዘንድ የማኅፀን ካንሰር ከማይጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ታይቷል። መንስኤው ይኸው ነው ብሎ ያረጋገጠ ጥናት አይደለም፤ ያም ሆኖ በየስድስት ሳምንቱ የምትቀባ ደንበኛ ስትመጣ ይህን ሳልነግራት አላልፍም።

እኔ ከርዳዳ፣ እህቴ ዞማ፤ አባታችን አንድ ነው። እንዴት ይሆናል?

ይህን ጥያቄ በሹክሹክታ የሚጠይቁኝ አሉ፤ አንዳንዱም ቤት ውስጥ ነገር አስነሥቷል። የሚያጠራጥር ነገር የለውም። የፀጉር ቅርጽ የሚወሰነው በአንድ ዘረ መል ሳይሆን በብዙዎች ድምር ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ከእናትና ከአባት የየራሱን ዕጣ ያወጣል።

በኢትዮጵያ ደግሞ ዕጣው ሰፊ ነው። የዘረ መል ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ እዚሁ ከነበረው ጥንታዊ ሕዝብ ጋር የዛሬ 3,000 ዓመት አካባቢ ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ ሕዝብ በሰፊው ተቀላቅሏል። ስለዚህ በአንድ ሰፈር ቀርቶ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ከዞማ እስከ ከርዳዳ መገኘቱ የዚያ ታሪክ ውጤት ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ፀጉሯ ሉጫ ስለሆነ የእነ እገሌ ወገን ናት» ማለት ግን ስሕተት ነው።

የሕፃናትንም ነገር ላንሣ። ሉጫ ሆኖ የተወለደ ልጅ በወራት ውስጥ ያ ፀጉር ረግፎ ሌላ ያበቅላል። አያት «ፀጉሩን ቡዳ በላው» ብትል አትደንግጡ። በጉርምስና ጊዜ፣ ከእርግዝና በኋላ ወይም አንዳንድ መድኃኒት ሲወሰድም የፀጉር ቅርጽ ሊለወጥ ይችላል።

ወርቃማና ቀይ ፀጉር ከየት መጣ? አፍሪካዊ መልክ ያለው ሰው ወርቃማ ፀጉር ሊኖረው ይችላል?

ቀለሙን የሚሰጡት ሁለት ዓይነት ሜላኒኖች ናቸው፤ አንዱ ጥቁር ቡናማ፣ ሌላው ቀላ ያለ። የመጀመሪያው ሲበዛ ጥቁር፣ ሲያንስ ወርቃማ፣ ሁለተኛው ሲያይል ቀይ ይሆናል። ቀይ ፀጉር ከዓለም ሕዝብ ከ1 እስከ 2 በመቶ በሚሆነው ላይ ብቻ ይታያል፤ ስኮትላንድና አየርላንድ ግን ከሌላው በላይ ይበዛል።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ የሰለሞን ደሴቶች ናቸው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ባሉት በእነዚህ ደሴቶች፣ ቆዳቸው ጠይም ጥቁር ሆኖ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ወርቃማ ፀጉር አላቸው። ድሮ ጎብኚዎች የአውሮፓ መርከበኞች ዘር ነው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመርምሮ ሲታይ፣ አውሮፓውያን ዘንድ ጨርሶ የሌለ፣ በአንድ ፊደል ለውጥ የመጣ የራሳቸው ውርስ ሆኖ ተገኘ።

አንድ ማሳሰቢያ። የእኛ አገር ሕፃን ጥቁር የነበረ ፀጉሩ ወደ ቀይ እየነጣ፣ እየሳሳና በቀላሉ እየተነቀለ ከመጣ ውበት አይደለም። እግሩና ፊቱ አብጦ ከታየ ደግሞ ክዋሺዮርኮር የሚባለው ከባድ የምግብ እጥረት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ሽበት ማንን ቀድሞ ይይዛል?

በአማካይ አውሮፓውያንን በሠላሳዎቹ አጋማሽ፣ እስያውያንን በሠላሳዎቹ መጨረሻ፣ አፍሪካውያንን በአርባዎቹ አጋማሽ ይጀምራቸዋል። ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብም በጣም ይለያያል። አንዱን ሲነቅሉት ሰባት ሆኖ ይመጣል የሚባለው ውሸት ነው፤ አንድ ጉድጓድ ሰባት አያበቅልም።

መላጣነት በእናት በኩል ነው የሚመጣው? ሹሩባስ ያስመልጣል?

በከፊል። ከታወቁት ዘረ መሎች ጎላ ያለው ወንድ ልጅ ከእናቱ ብቻ በሚወርሰው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ የእናትን አባት ራስ ማየት ፍንጭ ይሰጣል። ነገር ግን ከአባት የሚመጡ ሌሎችም አሉ። የወንዶች መላጣ ከሁሉም በላይ የሚታየው በአውሮፓውያን ዘንድ ነው፤ በምሥራቅ እስያ ያንሳል፣ በአሜሪካ ጥንታዊ ነዋሪዎች ዘንድ እጅግ ያንሳል።

ሹሩባ በራሱ አያስመልጥም፤ አጥብቆ መሠራቱ ነው። ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ ያለው ስስ ፀጉር ለዓመታት ሲወጠር ሥሩ ይጠባሳል፣ ከተጠባሰ ደግሞ አይመለስም። ሠሪዋ ስትጨርስ ቅንድብ ሽቅብ ከተሳበ፣ ማታ ለመተኛት ካቃተ፣ ሥሩ ላይ ትንንሽ ብጉር ከወጣ ይፈታ። «ይለምዳል» የምትል ሠሪ ካጋጠመቻችሁ ሌላ ፈልጉ።

ገበያ ላይ ያለው «የብራዚል» ሂውማን ሄር በእርግጥ ከብራዚል ነው?

አይደለም ማለት ይቻላል። «ብራዚል»፣ «ፔሩ»፣ «ማሌዥያ» የሚሉት የሞገድ ዓይነትና የዋጋ ደረጃ የሚለዩ የንግድ ስሞች ናቸው። ብዙው ፀጉር የሚሰበሰበው ከሕንድና ከቻይና ነው። በደቡብ ሕንድ ቲሩማላ ያለው ቤተ መቅደስ ምእመናን ለስለት የተላጩትን ፀጉር በጨረታ ይሸጣል። በቻይና ሄናን ግዛት ያለችው ሹቻንግ ከተማ ደግሞ የዊግ ሥራ ማዕከል ናት። ፀጉሩ የላይኛው ቅርፊቱ በአሲድ ይነሣል፣ ይቀለማል፣ በእንፋሎት ይጠቀለላል፣ ሲሊኮን ይቀባል። አዲስ ሲሆን የሚያብረቀርቀው ሲሊኮኑ ነው፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ የሚተሳሰረውም እሱ ሲያልቅ ነው።

«ፀጉሬ 4ሲ ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

ቁጥሩን በ1990ዎቹ ያስለመደው አሜሪካዊው ፀጉር ሠሪ አንድሬ ዎከር ነው፦ 1 ሉጫ፣ 2 ሞገዳማ፣ 3 ጥቅልል፣ 4 ከርዳዳ። «4ሲ» ኋላ የተጨመረ ነው። ሻምፖ ለመምረጥ ይረዳል እንጂ ሳይንስ አይደለም። ብዙ ሐበሻ ከ3 እስከ 4 ባለው መሀል፣ አንዳንዴም በአንድ ራስ ላይ ሁለቱንም ይዞ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ከ18 አገሮች የተወሰዱ ፀጉሮችን የዘር ስም ሳይጠራ በጥምዝ መጠን ብቻ ለክቶ በ8 ደረጃ ከፍሏቸዋል። ለእኔ ይሄኛው ይሻላል።

የከረደደ ፀጉር ጥቅሙ ምንድን ነው?

ጭንቅላትን ከፀሐይ ማዳን። እ.ኤ.አ. በ2023 ተመራማሪዎች በሙቀት የሚሠራ አሻንጉሊት ሰው ላይ ሉጫ፣ ጥቅልልና ከርዳዳ ዊግ እያደረጉ በፀሐይ መሰል መብራት ሥር ፈትነው ነበር። ማንኛውም ፀጉር ከመላጣ ይሻላል፤ ከሁሉም የበለጠ የጠበቀው ግን ከርዳዳው ነው። ፀጉሩ ቆሞ አየር ስለሚይዝ የፀሐዩ ሙቀት ቆዳ ላይ ሳይደርስ ከላይ ይቀራል፣ ለማቀዝቀዝ የሚፈሰው ላብም ይቀንሳል። የጥንት ሰው በምሥራቅ አፍሪካ ሜዳ ላይ ውሃ ሳያባክን ትልቅ ጭንቅላት ይዞ እንዲሄድ ይህ ሳይረዳው አልቀረም ይላሉ አጥኚዎቹ። ጎፈሬ ጃንጥላ ነው ማለት ነው።

ከፀጉር ተነሥቶ የሰው ዘር ይታወቃል?

በዓይን አይታወቅም፤ ይታወቃል ብለው የሞከሩ ብዙ በድለዋል። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ በሠራባቸው ዓመታት፣ ሰው «ነጭ» መሆን አለመሆኑ ሲያጠራጥር ፀጉሩ ውስጥ እርሳስ ይሻጥ ነበር። እርሳሱ ከወደቀ ነጭ፣ ከተያዘ አይደለም። የአንድ እናት ልጆች በዚህ ተለያይተዋል፤ ሕጉ የተሻረው በ1991 ነው። በአሜሪካም ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ2015፣ በማይክሮስኮፕ ፀጉር እያወዳደሩ ፍርድ ቤት የመሰከሩ ባለሙያዎቹ፣ ከተገመገሙት ችሎቶች ከ90 በመቶ በላይ በሚሆኑት ስሕተት መናገራቸውን አምኗል።

ዲኤንኤ ሌላ ነገር ነው። ግሪንላንድ በረዶ ውስጥ ከተገኘ የ4,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ካለው ቁራጭ ፀጉር የአንድ ሰው ሙሉ ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ2010 ተነብቧል። እዚህ ላይ «የአፄ ቴዎድሮስስ ፀጉር?» የሚለኝ አይጠፋም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከአስከሬናቸው የተቆረጠው ፀጉር ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ነበር። ሙዚየሙ ያገኘው አስከሬናቸውን ከሣለው ሠዓሊ ቤተሰቦች ሲሆን፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ አስረክቧል። ወዳጆቻቸውም ሆኑ ጠላቶቻቸው የሚያውቁት ያ ሹሩባ የማን እንደሆነ ለማወቅ የተፈለገው ላቦራቶሪ አልነበረም፤ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ የሚናገረው መዝገብ ነበር።